ጠመኔ፣ ሰሌዳና ኤአይ፦ ስልሳ ምናምን ተማሪ ባለበት ክፍል

አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል ከስልሳ በላይ ተማሪ አለ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት፣ ሲብስም አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ዓይነት ክፍል ላላቸው መምህራን ነው። ቻትጂፒቲን ወይም ጄሚናይን የመሰለ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) መሣሪያ ስልካቸው ላይ ከፍተው "እሺ፣ አሁን ምን ልበለው?" ብለው ለቆሙ።

ክፍሉን ላስተዋውቃችሁ። ከፊሎቹ ተማሪዎች እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከፊሎቹ በአማርኛ። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ መጽሐፉም ፈተናውም እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። አንዲት ተማሪ የማየት ችሎታዋ በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ፊት ዴስክ ላይ ተቀምጣም ሰሌዳው ብዥ ይልባታል። አንድ ልጅ መስማት የተሳነው ነው። ሌላም አለ፤ በቃል ስትጠይቁት ጥንቅቅ አድርጎ የሚመልሰውን ወረቀት ላይ ማስፈር ያቅተዋል። ምን እንደሆነ መርምሮ የነገረን ባለሙያ የለም። የተሰጣቸውን ሥራ በአምስት ደቂቃ ጨርሰው ጎረቤታቸውን የሚረብሹ ፈጣኖችም አሉ። እነሱም ተማሪዎች ናቸው።

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ስም ጠርታችሁ፣ ሰሌዳ አጥፍታችሁ፣ ጸጥ አሰኝታችሁ ስትጨርሱ ሠላሳ ከቀራችሁ ጥሩ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ ፍላጎቱ ማዘጋጀት የሚባለው ነገር ሥልጠና ላይ ሲነገር ያምራል። አበል ያለው ሥልጠና ከሆነ ደግሞ የበለጠ ያምራል።

ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተለቀቀው በኛ አቆጣጠር ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በዕለተ ጽዮን ነበር። እኔ የደረስኩበት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ የጠየቅኩት ሁሉም መምህር የሚጠይቀውን ነው፦ "ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ኦስሞሲስ አካታች የሆነ የትምህርት ዕቅድ አውጣልኝ።" አወጣልኝ። የሚያምር ዕቅድ ነበር። ተማሪዎቹ በአራት ጣቢያ ይከፈላሉ። በየአሥር ደቂቃው ይዞራሉ። አንዱ ጣቢያ ላይ ታብሌት አለ፣ ሌላው ላይ የጆሮ ማዳመጫ፣ ሦስተኛው ላይ ባለቀለም ካርዶች። በኛ ክፍል ከዴስክ ወደ ዴስክ የሚዞር ተማሪ የሚያልፈው በጓደኞቹ ጭን ላይ ነው።

መሣሪያው ተሳስቶ አይደለም። "አካታች" የሚለውን ሐሳብ በብዛት የጻፉት አገሮች ሀብታሞች ናቸው፤ እሱም ያነበበው የነሱን ክፍል ነው። ለምሳሌ በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው ካስት የተባለ ድርጅት ያሰራጨው ሐሳብ አለ። ለተማሪው ፍላጎት የሚቀሰቅስበትን ከአንድ በላይ መንገድ ስጠው፤ ትምህርቱን ከአንድ በላይ በሆነ መልክ አቅርብለት፤ ማወቁንም ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ እንዲያሳይህ ፍቀድለት ይላል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን ሐሳቡን ከታብሌቱ ነጥሎ የሚያወጣላችሁ ራሳችሁ ናችሁ።

ስለዚህ አሁን ማንኛውንም ጥያቄ ከመጠየቄ በፊት የምለጥፈው ጽሑፍ አለኝ። ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የምጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ እንዲህ ይላል፦ "የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከ60 በላይ ተማሪዎች አሉኝ። ያለኝ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና የራሴ ስልክ ብቻ ነው። ተማሪዎች ከዴስካቸው መነሳት አይችሉም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ፎቶ ኮፒ ማድረግ የምችለው ለአንድ ዴስክ አንድ ገጽ ነው። ከዚህ ውጭ የሆነ ዕቃ ከቤት ኩሽና የማይገኝ ከሆነ አትጥቀስ።" ይህች አንቀጽ ብቻዋን የመልሱን ግማሽ ቆሻሻ ታጠራለች።

ሁለተኛው ነገር ለኔ ዋናው ነው። ስለ "ልዩ ልዩ ተማሪዎች" አትጠይቁት። ስለ አንድ መሰናክል ጠይቁት። "ዝቅተኛ እይታ ላላቸው ተማሪዎች ምን ላድርግ?" ካላችሁት ከየትም የተለቃቀመ አጠቃላይ ምክር ይዘረግፍላችኋል። "ነገ ሰሌዳ ላይ የእንስሳ ሕዋስ እሥላለሁ፤ ሰሌዳውን የማታይ ተማሪ አለች፤ ሥዕሉን በቃል እንዴት ልንገራት?" ካላችሁት ግን ነገ የምትጠቀሙበትን ይሰጣችኋል። ልጆቹን አንድ በአንድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እሱ የሚያውቀው ጽሑፍ ነው።

ኦስሞሲስን ልቀጥል። መጽሐፉ ላይ ያለው ትርጓሜ አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ውሃ፣ ከሚበዛበት ወደሚያንስበት፣ መርጦ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን በኩል ያልፋል የሚለው ሁሉ እዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጠቅጥቋል። ተማሪውን የሚጥለው ሳይንሱ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል። ገጹን ፎቶ አንስቼ እሰጠውና እንዲህ እለዋለሁ፦ "ሳይንሳዊ ቃላቱን አንዱንም አትቀይር። ዓረፍተ ነገሮቹን ከ12 ቃላት በታች አድርግ። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሐሳብ ብቻ። ገጹ ላይ የሌለ ነገር አትጨምር።"

የመጨረሻዋን ትእዛዝ እንዳትዘሏት። ካልከለከላችሁት ይጨምራል። ጭማሪው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን የዘጠነኛ ክፍል አይደለም።

ቃላቱን ለምን እንዳልነካ አንዳንድ ባልደረቦቼ ይጠይቁኛል። ቀለል ካደረግነው አይቀር ለምን ኦስሞሲስን "የውሃ ጉዞ" ብለን አንገላገልም ይላሉ። ፈተናው ስለማይገላገለን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ደረሰ። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ነው፤ ኤአይም አይፈታውም። ግን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቃሉን ደብቄ ያሳለፍኩት ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ ከቃሉ ጋር ብቻውን ይፋጠጣል። እኔ የማቀልለት ወደ ቃሉ የሚወስደውን መንገድ ነው።

መሣሪያው አንድን ጽሑፍ በሦስት ደረጃ ከፋፍሎ ማቅረብ በጣም ይወዳል። ለጎበዝ፣ ለመካከለኛ፣ ለደካማ። እኔ አላደርገውም። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል የትኛው ወረቀት የማን እንደሆነ ለማወቅ ተማሪዎች አንድ ቀን አይፈጅባቸውም። ከዚያ በኋላ "የደካማ ወረቀት" የተሰጠው ልጅ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል እንጂ አያነበውም። በሱ ፈንታ ሁሉም ዴስክ አንድ ዓይነት ገጽ ያገኛል። በግራ በኩል አጫጭሮቹ ዓረፍተ ነገሮች፣ በቀኝ በኩል የመጽሐፉ አንቀጽ። የፈለገ ከግራ ይጀምራል፣ የፈለገ ከቀኝ። ከታች ከበድ ያለች አንድ ጥያቄ አለች፤ ፈጣኖቹ እሷ ላይ ይጠመዳሉ። ሦስት ልጆች አንድ ገጽ ላይ ሲያጎነብሱ እርስ በርስ ይረዳዳሉ። ይህን እኔም ኤአይም አላቀድነውም። የፎቶ ኮፒ ዋጋ ያመጣው ነው።

ስለ ምሳሌ ላንሳ። "ኢትዮጵያዊ ምሳሌ ስጠኝ" ካላችሁት ቡናና እንጀራ ይደግስላችኋል። ለኦስሞሲስም እንጀራ፣ ለፎቶሲንተሲስም ቡና። እየቆየ ያስቃል። አንድ ጊዜ ደግሞ ተዘፍዝፎ ያደረ ሽምብራን ለኦስሞሲስ ምሳሌ አድርጎ ሰጠኝ። ተማሪዎቹ ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነውና ለመቀበል ያጓጓል። ግን ደረቅ ፍሬ ውሃ ሲነካው መጀመሪያ የሚያብጠው ውስጡ ያለው ስታርችና ፕሮቲን ውሃ ስለሚመጠምጥ ነው፤ ይህ ከኦስሞሲስ የተለየ ሂደት ነው። ለዘጠነኛ ክፍል ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አንድ ጎበዝ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ሲደርስ ግን ያስተማርከኝ ስህተት ነበር ይላችኋል። ትምህርቱን የምታውቁት እናንተ ስለሆናችሁ፣ ምሳሌውን መልምሎ መጣል የናንተ ሥራ ነው።

ከሁሉም የጠቀመኝ መልስ የመጣው ስለ ዓይን ስጠይቀው ነው። "ይህን ትምህርት ምንም ሥዕል ሳይታይ፣ በእጅ በመዳሰስ ብቻ እንዴት ላስተምረው?" አልኩት። "ድንች ተጠቀም" አለኝ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የድንች ሙከራ የቆየ ነው። እኔ ግን ሁሌም በሥዕል ነበር የማስተምረው። ማለዳ ቤቴ ድንቹን በጣት ውፍረት ቆርጬ ግማሹን በጨው በበዛበት ውሃ፣ ግማሹን በንጹሕ ውሃ ዘፈዘፍኩ። ክፍል ውስጥ በየዴስኩ አዞርኩት። ጨው ውስጥ የነበረው ተልፈስፍሷል፣ ይታጠፋል። ንጹሕ ውሃ ውስጥ የነበረው ጠጥሯል፣ ሲታጠፍ ቀጭ ይላል። ሰሌዳው የማይታያት ተማሪዬ ከሁሉም ቀድማ የትኛው የቱ እንደሆነ ተናገረች። ያ መጻፍ የሚያስቸግረው ልጅ ደግሞ ውሃው ከየት ወዴት እንደሄደ በቃሉ አስረዳ። ጨው ያለበት ቋንጣ ለምን ቶሎ እንደሚደርቅ የጠየቀው ሌላ ተማሪ ነው። ያን ምሳሌ እስከዛሬ እጠቀምበታለሁ፤ ከእንጀራው ይሻላል።

ሰሌዳው ለማይታያት ተማሪዬ የማደርገው ሌላም ነገር አለ። የሕዋስ ሥዕልን በጽሑፍ ማስገለጽ ነው። ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ስትሰጡት ያያል ይባላል፤ አዎ፣ ያያል። ግን ጥቁርና ነጭ ሆኖ በደበዘዘ ፎቶ ክሎሮፕላስትን ማይቶኮንድሪያ ብሎ ሲገልጽ አይቻለሁ። ሁለቱም ሞላላ ናቸው፣ ሁለቱም ውስጣቸው መስመር መስመር አለው፤ አልፈረድኩበትም። ስለዚህ መጀመሪያ የክፍሎቹን ስም እኔ እዘረዝርለታለሁ። ከዚያ "ከውጭ ወደ ውስጥ እየሄድክ፣ እያንዳንዱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነና ከማን ቀጥሎ እንዳለ፣ ከስምንት ዓረፍተ ነገር ሳትበልጥ ግለጽ" እለዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ስለ ቀለም ብዙ ያወራ ነበር። "ቲቸር፣ ቀለሙን ይተዉት፤ ቦታውን ይንገሩኝ" አለችኝ። ተውኩት።

ጽሑፉን በቴሌግራም እልክላታለሁ። ስልኳ ላይ ያለው፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ቶክባክ የተባለ መሣሪያ እንግሊዝኛውን ጥሩ አድርጎ ያነብላታል። አማርኛውን ሲያነብ ግን ስለምትሰለች ፊደሉን አጉልታ ራሷ ማንበብ ትመርጣለች። በወረቀት ሲሆን ፊደሉን 18 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ አድርጋችሁ፣ ጥቁር በነጭ፣ ያለ ምንም የጀርባ ጌጥ አትሙ። ኤአይ የሚያወጣላችሁን ኢሞጂም አጥፉ። አንባቢው መሣሪያ እያንዳንዱን ኢሞጂ በስሙ እየጠራ ጆሮዋን ያደክመዋል።

መስማት የተሳነውን ልጅ በተመለከተ ብዙ ጠብቄ ትንሽ ነው ያገኘሁት። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መተግበሪያ ሞከርኩ። አማርኛን ይቀበላል፤ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ቀስ ብላችሁ ስታወሩለትም አሪፍ ይጽፋል። ስልሳ ልጅ የሚንጫጫበት ክፍል ውስጥ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀላችሁ ስታስተምሩ ግን ምን እንደሚጽፍ እግዜር ይወቀው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋም አማርኛን በእጅ መናገር አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚያስተምረው፣ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። ለዚያ ልጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛም ቢሆን፣ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ይህን ካላወቅን "በጽሑፍ ሰጥቼዋለሁ፤ ምን ቀረው?" እንላለን።

የሠራው ነገር ቀላል ነው። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያሉበትን ገጽ ከትምህርቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ያገኛል። ከገጹ ጋር ኤአይ ያወጣቸው ስድስት ወይም ሰባት ቁልፍ ቃላት አሉ። ምልክት ቋንቋ የሚችል ጓደኛ አለው፤ ለአዳዲሶቹ ቃላት ምን ምልክት እንደሚጠቀሙ ሁለቱ ቀድመው ይስማማሉ። ክፍል ውስጥ ቃሉ ሲመጣ አይደናገሩም። ኤአዩ ስለ ምልክቱ ምንም አልረዳም። "ይህን በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ እንዴት ይባላል?" ብላችሁ ከጠየቃችሁት በልበ ሙሉነት የእጅ እንቅስቃሴ ይገልጽላችኋል፤ አትመኑት። ወደ ሰሌዳ ዞሮ አለማውራት፣ ፊትን ወደ ልጁ ማድረግ፣ ይህን ለማወቅ ደግሞ ኤአይም አያስፈልግም።

ወደ ቋንቋው ጉዳይ ልምጣ። በአፋን ኦሮሞ ተምረው የመጡት ልጆች ሕዋስን፣ ፎቶሲንተሲስን፣ ሥርዓተ ምኅዳርን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያውቃሉ። አላወቁም የምንለው በእንግሊዝኛ ስለምንጠይቃቸው ነው። ኤአዩ አፋን ኦሮሞ ይጽፋል፤ ግን የሳይንስ ቃል ሲቸግረው ከራሱ ይፈጥራል። የተፈጠረውን ቃል ለተማሪ መስጠት ከእንግሊዝኛው ይብሳል፤ የትም መጽሐፍ ላይ አያገኘውማ። ስለዚህ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የአፋን ኦሮሞ የሳይንስ መጽሐፍ ተውሼ፣ ከኋላ ካለው የቃላት ዝርዝርና ከምዕራፎቹ ውስጥ ቃላቱን ራሴ ሰበሰብኩ። ለኤአዩ ሰጥቼ "ከዘጠነኛ ክፍሉ ምዕራፍ ጋር የሚገናኙትን ብቻ አውጥተህ በሦስት ዓምድ አስቀምጥ፤ አዲስ ቃል አትፍጠር" አልኩት። እንግሊዝኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ። የመደርደሩን ሥራ እሱ ሠራ፣ ቃሉ የመጣው ከመጽሐፍ ነው፣ አፋን ኦሮሞ የሚያስተምር ባልደረባዬ ደግሞ አርሞልኛል።

አንዳንዴ ኤአዩ በአፋን ኦሮሞ የጻፈውን፣ ያላረምነውን ጽሑፍ ሆን ብዬ ክፍል አመጣለሁ። "ይህን የጻፈው ኤአይ ነው፤ ስህተቱን አውጡ" እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ አፋቸውን የሚከፍቱት በእንግሊዝኛው ትምህርት ዝም የሚሉት ናቸው። ማሽኑን ማረም ቲቸርን ከማረም ይቀላል መሰለኝ። የክፍሉ ድምፅ ይቀየራል። ማን ብልህ እንደሆነ የተያዘው ግምትም እንደዚያው።

ስለ አማርኛ አንድ ነገር ላክል፤ ብዙ ሰው "ለምን በአማርኛ ሲሆን ይዘገያል፣ ነጻ ኮታውስ ለምን ቶሎ ያልቃል?" ስለሚለኝ። እነዚህ ሞዴሎች ጽሑፍን በትናንሽ ቁርጥራጭ ከፋፍለው ነው የሚያነቡት። ኮምፒውተር ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍም ትንሽ ስለሆነ ቃላችን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ብዙ ቦታ ይቆራረጣል። አዳዲሶቹ እየተሻሻሉ ነው። እኔ ግን ትእዛዙን በእንግሊዝኛ እጽፍና መልሱን ብቻ በአማርኛ፣ አንቀጽ በአንቀጽ እጠይቃለሁ። ሥዕል ማመንጫዎቹ ላይ በግዕዝ ፊደል ስም አስጽፋለሁ ብላችሁ አትድከሙ። ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ይሞነጭራሉ። ስሙን በእጃችሁ ጻፉበት።

ፈተና ላይ ደግሞ ነገሩ ረቀቅ ይላል። ጥያቄ ውስጥ ሁለት ሸክም አለ፤ የማሰቡና የማንበቡ። የምፈልገው የመጀመሪያው እንዳለ እንዲቆይ፣ ሁለተኛው እንዲቀንስ ነው። ለምሳሌ "ቀይ የደም ሕዋስ ሃይፖቶኒክ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ከሚከተሉት ውስጥ የማይከሰተው የትኛው ነው?" የሚል ጥያቄ ነበረኝ (ሃይፖቶኒክ ማለት ከሕዋሱ ውስጥ ይልቅ ጨው የሚያንስበት ፈሳሽ ነው)። "የማይከሰተው" የምትለዋ ቃል ሥንቱን ልጅ ጣለች! ኤአዩን "አሉታዊውን አውጣ፣ ነገሩን በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ክፈል፣ ክብደቱ ግን እንዳይቀንስ" ስለው "ቀይ የደም ሕዋስ ሃይፖቶኒክ ፈሳሽ ውስጥ ገባ። ውሃው ወዴት ይሄዳል? ሕዋሱስ ምን ይሆናል?" አለኝ። ይህኛው ባዮሎጂን ይለካል። የቀድሞው እንግሊዝኛን ይለካ ነበር።

ምርጫ ጥያቄ ስታስወጡት ግን ተጠንቀቁ። ትክክለኛውን መልስ ለ ወይም ሐ ላይ ማድረግ ይወዳል። ትክክለኛው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ረጅሙ ነው። ተማሪዎች ይህን በሁለተኛው ፈተና ይነቁበታል፤ ሳያነቡ ሐ ሐ ሐ እያሉ ይወርዳሉ። ቦታውን አፈራርቁ፣ ርዝመቱን አስተካክሉ። የመልስ ቁልፉንም ሳትሠሩት አትመኑ።

መጻፍ የሚቸግረው ልጅ ከክፍል ምዘናው ውስጥ የተወሰነውን በቃል ይመልስልኛል። ለዚህ ኤአዩ አጭር መመዘኛ ያወጣልኛል፤ ምን ከተናገረ ሁለት ማርክ፣ ምን ከጎደለው አንድ የሚል። ያለ መመዘኛ በቃል ስትፈትኑ ለምትወዱት ልጅ ታደላላችሁ፤ ሌሎቹም ያያሉ። የዲፓርትመንት ተጠሪያችን መጀመሪያ ተጠራጥረው ነበር። ወረቀቱን ሲያዩ ፈረሙ።

የልጆቹን ጉዳይ በሚመለከት እኔ የማልደራደርበት ነገር አለ። ስማቸውን፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የጤና ሁኔታቸውን፣ ፎቶአቸውን አላስገባም። "መስማት የተሳነው የ15 ዓመት ልጅ፣ አባቱ እንዲህ የሆነ" ማለት አያስፈልግም። "ንግግሬን የማይሰማ ተማሪ" ይበቃል። የቻትጂፒቲ ደንብ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላሉ አይፈቅድም፤ ከ18 በታች ያሉትም የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ዘጠነኛ ክፍሎቼ 15ና 16 ናቸው፤ አካውንት ክፈቱ ብዬ አላዝም። ስልክ የሌለው ልጅ ብዙ ነውና እንዲህ ያለው አሳይመንት ሌላ ልዩነት ይፈጥራል። ኤአዩን የምጠቀመው እኔ ነኝ፤ ተማሪው ጋ የሚደርሰው ወረቀት፣ ሰሌዳና ድንች ነው።

ጊዜ ይቆጥባል ወይ? መጀመሪያ ላይ አይቆጥብም። ሳምንታዊ ፕላን በእጅ ከመጻፍ በላይ ይፈጃል፤ ማረሙ ነው የሚያደክመው። የሚለጠፈውን ጽሑፍ ካዘጋጃችሁና የቃላት ሰንጠረዡን አንድ ጊዜ ከሠራችሁ በኋላ ይቀላል። እኔ እሁድ ከሰዓት፣ መብራትም ኔትዎርክም ሲኖር፣ የሳምንቱን ገጾች አወጣና ስልኬ ላይ አስቀምጣለሁ። ሰኞ ጠዋት ኔትዎርክ ቢጠፋ አያስጨንቀኝም። "ይሄማ ስንፍና ነው፤ መምህር በራሱ ጭንቅላት ነው የሚያስተምር" ያሉኝ አንድ ጋሼ አሉ፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። አልተከራከርኩም። የድንቹን ቀን ግን መጥተው በር ላይ ቆመው አዩ። ከዚያ ወዲህ የኬሚስትሪ ገጾቻቸውን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ "አንተ ልጅ፣ ይቺን አሳጥርልኝ" እያሉ።

ለመስከረም ሙሉ በሙሉ ዓይነ ስውር የሆነ ተማሪ እንደሚመጣ ርዕሰ መምህሩ ነግረውኛል። በአገራችን ዓይነ ስውር ተማሪ ከሒሳብና ከተፈጥሮ ሳይንስ ሲገለል ነው የኖረው፤ እኔም ከዚህ በፊት አስተምሬ አላውቅም። ከወዲሁ የሕዋሱን ሥዕል በካርቶን ላይ በገመድና በኮላ እየሠራሁ ነው። ኤአዩ አሥራ አንድ የሕዋስ ክፍሎችን እንድለጥፍ መከረኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ስዳስሰው ሁሉም ተደበላለቀብኝ። አራት ብቻ አስቀረሁ፤ ሽፋኑን፣ ሳይቶፕላዝሙን፣ ኒውክሊየሱንና አንድ ማይቶኮንድሪያ። ብሬል አስጽፌውም ነበር። ስክሪኑን በነጠብጣብ ሞላልኝ። ነጠብጣቡ አይዳሰስ፣ ትክክል መሆኑን እኔ አላረጋግጥ። ስለዚህ ክረምቱን ብሬል ከሚያስተምሩ አንድ መምህር ጋር ለመቀመጥ ተነጋግረናል። ገመድና ኮላውን ይዤ እሄዳለሁ፤ ካርቶኑን መጀመሪያ እሳቸው ይዳስሱልኛል።